ላንጋኖ ቤት እንከራይ ወይስ ሎጅ እንያዝ? የጠየቅኩትና የተመለሰልኝ

እዚህ የውይይት ገጽ ላይ ያቀረብኩትን ጥያቄ እንደገና ላስቀምጥ። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሁሉን ከላይ ጀምራችሁ እንዳታነቡ መልሶቹንም በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ አባባል ጽፌያቸዋለሁ። ስድቡን ቀንሻለሁ። ቀልዱን የቻልኩትን ያህል ትቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የካዛንቺስ ልጆች ነን። ቤታችን በ2017 ከነሰፈሩ ፈረሰ። እናቴ ከታናሽ እህቴ ጋር ገላን ጉራ ገባች። እኔ ሥራዬ መሀል ከተማ ስለሆነ ከለገሃር ጀርባ ተከራይቼ ቀረሁ። ታላቅ ወንድሜ አያት ነው። ሁለቱ ውጭ ናቸው፤ አንዱ አሜሪካ፣ አንዷ ጀርመን። ድሮ በዓል ሲመጣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እናቴ ግቢ ይጎርፍ ነበር። መሬት ላይ ፍራሽ ይደረደራል፣ ልጆቹ በወርድ ይተኛሉ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። ባለፈው ፋሲካ ግን የኮንዶሚኒየሟ ሳሎን አልበቃን ብሎ ግማሻችን መኝታ ቤት ገብተን አልጋ ጠርዝ ላይ ሰሃን ይዘን በላን።

የውጭዎቹ ሐምሌ ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እንግዲያው ሁላችንን የሚችል ቤት ሐይቅ ዳር ተከራይተን ጥቂት ቀን ላንጋኖ እንረፍ ተባባልን። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ኩሽና ያለው ቤት ከሆነ አልሄድም አለች። እናቴ ደግሞ ኩሽና ከሌለው አልሄድም አለች። ምን ይሻለናል? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

1ኛው መልስ አንድ መስመር ነው። ሎጅ ያዝና ተገላገል ነው የሚለው። ጠዋት ቡፌ፣ ማታ ቡፌ፣ ሰሃን ማጠብ የለም። ትዳርም ልጅም እንደሌለው ያስታውቃል። ለሃያ ምናምን ሰው የሎጅ ሒሳብ ሲደመር ስንት እንደሚመጣ አላነሳም።

2ኛዋ ቤት ይሻላል ባይ ናት። ምክንያቷ ልቤን ነካው። ሎጅ ከሆነ ከእራት በኋላ ሁሉም ቁልፉን ይዞ ወደየክፍሉ ይገባል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ይተኛል። ቤት ከሆነ ግን በረንዳ ላይ ቡና ተፈልቶ ወሬው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። የአክስቶቿን የኮረዳነት ጉድ የሰማችው እንዲህ ባለ ማታ እንደሆነ ጻፈች። ጉዱን ግን ለራሷ አስቀረችው። መንገዱም ሁለት ሰዓት አይሞላም ብላ ጨመረች።

3ኛው እዚህ ላይ አረማት። ከመስቀል አደባባይ እየተነሳ መንገደኛ የሚጭን ሾፌር ነው። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ ክፍያ መንገዱ ይገባል፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ እስከ ባቱም ፈጣኑ መንገድ አለ። ጊዜ የሚበላው ግን ይሄ አይደለም፤ ከተማውን ለቆ መውጣቱ ነው። አርብ ከሰዓት ከስታዲየም ተነስቶ ቃሊቲን ማለፍ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሱ ይላል። ደግሞ በየመኪናችሁ አትሂዱ፣ አንድ ኮስተር ተኮናትራችሁ ሁላችሁም ተሳፈሩ። በአራት መኪና የወጣ ቤተሰብ አንዱ ሞጆ ቁርስ ሲያዝ ሌላው ባቱ ደርሶ ይጠብቃል፤ ሥጋውን የጫነው መኪና ምንጊዜም መጨረሻ ነው የሚደርሰው። ይህን ያለው ብዙ ቤተሰብ ያመላለሰ ሰው ስለሆነ አምኜዋለሁ።

4ኛው ላንጋኖን ራሱን አልወደደውም። ቢሾፍቱ አፍንጫችን ስር፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እያለች እናትህን እዚያ ድረስ ለምን ታንገላታለህ ሲል ወቀሰኝ። ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ ኩሪፍቱ አለ።

5ኛዋ ቆጣ ብላ መለሰችለት። የቢሾፍቱ አካባቢ ሐይቆች አብዛኞቹ እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ዳራቸው ቁልቁል ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ብቻውን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከላይ ሆኖ ለማየት፣ ለሻይ፣ ለሠርግ ፎቶ የሚስተካከላቸው የለም። ሕፃን እግሩን ነክሮ የሚንቦጫረቅበት አሸዋማ ዳር የሚፈልግ ግን ላንጋኖ ይሂድ። 4ኛው ተመልሶ መጥቶ እሱ ሆራ እየዋኘ እንዳደገ ተናገረ። እሷም ስላላደጉት ማን ይናገርላቸው ብላ ዘጋችው። ከሁለቱ እሷ ትክክል ናት ብዬ አስባለሁ። የእኛ ልጆች ደግሞ ግማሾቹ ዋና አያውቁም።

6ኛው የላንጋኖ ውሃ መልኩ አስፈርቶታል። ወተት የበዛበት ሻይ በመሰለ ውሃ ልጆቼን አልነክርም ብሏል።

ከመልሶቹ ሁሉ ቁም ነገር ያለው 7ኛው ነው። የጻፈችው ነርስ ናት። ቡናማው ቀለም ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የቀረ ደቃቅ አፈር እንጂ ቆሻሻ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ ቢልሃርዚያ ነው። የቢልሃርዚያ ትል ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ ዳር ዳር የሚንቦጫረቀውን ሰው በቆዳው በኩል ይገባል። ሐዋሳም ዝዋይም ሐይቅ አካባቢ ይገኛል። ላንጋኖ ግን ለረጅም ዘመን ከዚህ ነጻ መሆኑ ነው የሚታወቀው። አዲስ አበቤው ለዋና የሚመርጠውም በዚህ ነው። ከዚያ ወደ ወባ አለፈች። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ወባን በወሬ ነው የምናውቃት። ላንጋኖ ወደ 1,600 ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቤቱን ስትከራዩ ስለ አልጋው ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ አጎበሩም ጠይቁ። ከውጭ የሚመጡት ሳይነሱ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ነፍሰ ጡር ካለች ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከተመለሳችሁ በኋላ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት ቢመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ እንዳትተኙ። ቶሎ ደም ተመርመሩ፣ ላንጋኖ ከርመን ነበር ብላችሁም ንገሩ። ወረቀት ላይ ገልብጬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

8ኛውና 9ኛዋ ከነርሷ ምክር ተነስተው ወደ ጉልበት ሕመም ገቡ። ሶደሬ ይሻላል፣ የለም ወንዶ ገነት ይሻላል ተባባሉ። ፍል ውሃ ሰፈራቸው መሀል አዲስ አበባ እያለ ለምን ርቀው እንደሄዱ ያነሳ የለም።

10ኛው መልስ ረጅም ነው። የጻፉት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሐይቅ ሐይቅ ትላላችሁ፣ እኛ ባሕር አይተናል ብለው ጀመሩ። ልጅ እያሉ ቤተሰቡ በሙሉ በአውቶቡስ አስመራ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። አስመራ እንደ አዲስ አበባ ብርድ ነው። ምጽዋ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ግን ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሹራቡም ሸሚዙም ይወልቃል። ጉርጉሱም ዳር ላይ አያታቸው ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ። ውሃውን በመዳፋቸው ዝቀው ቀመሱ። ይሄን ሁሉ ጨው ማን ፈቶ ደፋበት ብለው ጠየቁ። ከውሃው ወጥተው ሲደርቁ ክንዳቸው ላይ ነጭ ጨው ቀረ። አያታቸውም በነጠላቸው ጫፍ እያራገፉ ለወጥ ይሆናል አሉ። ቅርብ መሄድ ሲፈለግ ደግሞ ከለገሃር በሊቶሪና ባቡር ደብረ ዘይት ደርሶ መምጣት ነበር። እኔ በየቀኑ በዚያ ጣቢያ ደጃፍ ነው የማልፈው። በሊቶሪናው ተሳፍሮ ለመዝናናት የሄደ ሰው ግን ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ጋሼ እንዲህ ባማረ ወግ ባሕሩን ሲያነሱ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ያሉት ወደ ወደብ ፖለቲካ ነዱት። ማን ሰጠው፣ ማን ወሰደው፣ ማን ያመጣዋል። ሁለቱ ተሰዳደቡ። እኔ የጠየቅኩት ስለ ኩሽና ነው ብዬ ጽፌ ለመንኩ። አላስፋፋውም።

ወደ ጉዳያችን የመለሰችን 15ኛዋ ናት። ሐምሌ የትኛው ሳምንት ነው ብላ ጠየቀች። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። እናትህ የምትጾም ከሆነ ሥጋና ዶሮ ያለበት ጨዋታ በእነዚህ ቀናት መሀል መግባት አለበት፤ እሱም ረቡዕና አርብ ሲቀነስ ነው። ቅዳሜ ሄዶ ማክሰኞ መመለስ ከሁሉ ይስማማል። የውጭ ልጆች ትምህርት ቤትም በዚያን ሰሞን በአብዛኛው ዝግ ነው። ዝናቡን ለሚፈሩ ደግሞ ስምጥ ሸለቆው እንደ አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ አይጨቀይም፣ ብዙ ጊዜ ዘንቦ ያባራል አለች። እኛ ስለ ክፍያና ስለ መኪና ስንጨቃጨቅ ቀን መቁጠሪያ የከፈተች እሷ ብቻ ናት።

16ኛው ቢጾሙስ ምን ችግር አለ፣ ዓሣ አለ አይደል አለ። ባይል ይሻል ነበር። 17ኛዋ ዓሣ በጾም አይበላም አለች። 18ኛው በሁዳዴ ነው እንጂ በሌላው ይፈቀዳል አለ። 17ኛዋ ተመልሳ ይህን ያስተማረህ ዓሣ ቤት ነው ወይ አለችው። 19ኛው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ይመስላል፤ በትህትና እያንዳንዱ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ አለ። ሁለቱም ተነሱበት። እኔ እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት። አትበላም። ለእኛ ቤት ጉዳዩ በዚህ አልቋል።

20ኛው መልስ የምጣድ ታሪክ ነው። የጻፈው ሰው አክስቱ ትኩስ እንጀራ ካልበላሁ ብላ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ከአዲስ አበባ ጭና ሄደች። ሊጡንም በባልዲ። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። የሐይቅ ዳር ቤት ማከፋፈያ ደግሞ ለመብራትና ለፍሪጅ የተዘረጋ ነው። ምጣዱ ተሰካ፣ ታሰሰ፣ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን ማውጣት ስትጀምር ቤቱ በሙሉ ጨለመ። ፓምፑም አብሮ ቆመ። ዘበኛው ኤሌክትሪሽያን ፍለጋ ሞተር ሳይክል ይዞ ወጣ። ሃያ ሰው በሻማ፣ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የበሰለች አንዲት እንጀራ እያየ ቁጭ አለ። ምክሩ አጭር ነው። እንጀራውን ጋግራችሁ ሂዱ፣ ግን ሞቃት ቦታ መሆኑን አትርሱ፣ እዚህ የሚቆየውን ያህል ሳይሻግት አይቆይም። ለቀሪዎቹ ቀናት ባቱ ወይም አዳሚ ቱሉ ግዙ።

አሁን 21ኛዋ። ይህችን መልስ ባለቤቴ ሦስቴ አንብባታለች። ጸሐፊዋ ልክ እንደኛ ባለ ስብሰባ ላይ የነበረች ምራት ናት። ሐይቁን ያየችው በኩሽናው መስኮት ነው። ጠዋት ለሁሉም ፍርፍር። ፍርፍሩ ሳይነሳ ቡና፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካው ሳይጠጣ ሽንኩርት ለምሳ። ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ዛፍ ስር ካርታ ያዙ፣ እሷና ዋርሶቿ ሰሃን ያዙ። የምትታጠብበት ውሃ ሲሞቅ የሚያለቅስ ልጅ ተሰጣት። የዋና ልብስ ገዝታ ነበር፤ ከነወረቀቱ ተመለሰ። አዲስ አበባ ሲገቡ ባሏ እንዴት ያለ ዕረፍት ነበር ብሎ ተንጠራራ። ከመቶ በላይ ፎቶ ተነስቷል፣ እሷ ያለችበት አንድ ነው፤ እሱም ትሪ ይዛ ስታልፍ ነው። አማቷን አልወቀሰችም። እሳቸውም አብረዋት ሽንኩርት ሲልጡ ነበር የዋሉት።

እኔ ከዚህ ሁሉ ክርክር የያዝኩት ይህችን ነው። ቤት ወይስ ሎጅ ማለት ምንም አይደለም። መወሰን ያለበት ማን ያበስላል የሚለው ነው፤ እሱ ካልተቆረጠ ሐይቁ ዳር የሚሄደው የቤታችን ጓዳ ነው።

22ኛው ግን ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጥጋብ ነው አለ። እናቶቻችን ደስ ብሏቸው ነው የሚሠሩት፣ ባህላችንን አታበላሹ አለ። 23ኛዋ እሱ ቤት ሰሃን የሚያጥበው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። 24ኛዋም ጠየቀችው። 25ኛው ወንድ ነው፤ እሱም ጠየቀው። እስካሁን መልስ የለም።

26ኛዋ መፍትሔ ይዛ መጣች። ለእነዚያ ቀናት ወጥ ቤት ቅጠሩ። ከዚሁ ከአዲስ አበባ የምታውቋትን ውሰዱ፣ ካልሆነ የቤቱን ዘበኛ ጠይቁ፤ አካባቢው ላይ ለእንግዳ የምታበስል ሴት ያውቃል። ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ከዚህ አትጫኑ፣ መቂና ባቱ መንገድ ዳር ሞልቷል። ወጣቶቹ ሰሃን በተራ ይጠቡ፣ ወንድ ሴት ሳይባል። እናትህን ደግሞ ከኩሽና አታባርራት። አንድ ምሳ ስጧት፣ የእሷ ዶሮ ወጥ ይሁን፣ ቁሌቱን ቤቷ ሠርታ ይዛ ትምጣ። ለብዙ ዓመት ሰው ስታበላ የኖረች ሴት በአንዴ እንግዳ ሁኚ ሲሏት የተጣለች ይመስላታል። ይህ የመጨረሻው ነገር እኔ ያላየሁት ነበር።

ቀጥሎ ገንዘብ መጣ፣ ድምፁም ከፍ አለ። 27ኛው ውጭ ያሉት ይክፈሉ፣ ለእነሱ ምንም አይደለም አለ። 28ኛዋ ከዋሽንግተን ናት፣ ነገሩ አንገብግቧታል። ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ሁለት ዓመት ነው ያጠራቀመችው። እዚህ ስትደርስ ሒሳቡ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ፊቷ ነው፣ አስተናጋጁ እንኳ ለይቶ ያውቃታል። አንድ ጊዜ ባልከፍል ተለወጠች ይሉኛል ብላ ጻፈች። 29ኛዋ ቤተሰባቸው ለዚሁ በየወሩ የሚጥለው መዋጮ እንዳለው ነገረችን። ልጅ ሳይቆጠር አዋቂ በነፍስ ወከፍ ያዋጣል፣ የጡረተኛ ድርሻ ልጆቹ ይከፍላሉ፣ ከውጭ የሚመጣው ኮስተሩን ይችላል። ይሄ ለኔ ፍትሐዊ ነው። ወንድሜም አሜሪካ ሆኖ አንብቦ አውራ ጣት ላከልኝ።

30ኛው በቀብድ የተበላ ሰው ነው። ደላላ ፎቶ ላከለት፣ ቀብዱን በስልክ አስተላለፈ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ቤተሰብ ቁርስ እየበላ ነው። እነሱም ቀብድ የከፈሉት ለዚያው ደላላ ነው። ባለቤቱ ደላላውን አያውቀውም። ስለዚህ ቤቱን በቪዲዮ እያስዞሩ ማየት፣ ቧንቧውን አስከፍቶ ውሃ መውረዱን ማረጋገጥ፣ ለባለቤቱ ራሱ መክፈልና ውል መጻፍ። 31ኛው ለልጆቹ የዋና ጃኬት ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ማዕበል ይኖራል አለ። 32ኛው ሊሸጥ ያሰበው ያገለገለ ፍራሽ እንዳለው አስታወቀ።

33ኛው የመጀመሪያው ሎጅ ባይ ነው። ባለቤትህና እናትህ ታረቁ ወይ ብሎ ጠየቀ። መጀመሪያም አልተጣሉም። ቤቱን ይዘናል፣ ለባለቤቱ በእጁ ከፍለናል፣ ቀኑም 15ኛዋ ባለችው መሀል ነው። ባለቤቴ ምጣዱ ከዚህ እንዳይነቃነቅ ብላ ተስማማች። እናቴ ደግሞ ወጥ ቤቷን እኔ ካልመረጥኩ አለች። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሴቶች ገላን ጉራ ድረስ ጠርታ አስበስላ ፈተነች። አንደኛዋ ሽንኩርቱን አወፍራ ስለከተፈች ወድቃለች። ሁለተኛዋ ሽሮው ላይ እስካሁን ተቀባይነት አላት፤ የጥብሷ ፈተና የፊታችን እሁድ ነው።